የአቻምየለሽ ክንድ፣ የሀብትነሽ ዕጣ

የቡሬ በርበሬ ሲያስነጥስ ሰው አይመርጥም። በሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ጥር ላይ፣ አያ ሃይለ ሚካኤል ከቡሬ ያመጡትን አንድ ጆንያ በርበሬ ይዘው ከፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ወደ ገበያው በጋሪ ሲሄዱ፣ አጠገባቸው የተሳፈረችው ወጣት ሦስት ጊዜ አከታትላ አስነጠሰች።

«ይማርሽ!»

«ያኑርዎ። አያ ሃይለ ሚካኤል አይደሉም እንዴ? እፀገነት ነኝ፤ የጎረቤትዎ የትዕዛዙ ልጅ።»

«የትዕዛዙ ልጅ! ነርስ ሆነች ያሉኝ አንቺን ነው?»

«አዎ፣ እዚሁ ሆስፒታል በቀዶ ሕክምና ክፍል ነው የምሠራ። እትዬ ሀብትነሽ ደህና ናቸው?»

አያ ስለ ሚስታቸው «ደህና ናት» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። ሁለት ወር ሙሉ ለማንም ያልተናገሩትን በጆንያው ላይ እንደተቀመጡ አወጡት።

«ጡቷ ላይ ሽንብራ የምታህል ነገር አለች። ጸበል አስጠምቃታለሁ። ሐኪም ቤት ግን አልወስዳትም። ያ ደዌ ብረት አይወድም።»

«ማን ነው እንዲህ ያለዎት?»

«ማንም አላለኝ። በአቻምየለሽ አይቼዋለሁ።»

አቻምየለሽ ታናሽ እህታቸው ነበረች፤ ሳቋ ከማሳው ማዶ የሚሰማ። በደርግ ጊዜ ጡቷ ቆስሎ ሲፈነዳ ሩቅ አገር ወስደው አሳከሟት። ሐኪሞቹ ጡቷን ከነደረቷ ሥጋ እስከ ብብቷ ድረስ አወጡት። ክንዷ አብጦ ሙቀጫ አከለ። ነጠላዋን እንኳ አንሥታ መልበስ አቅቷት በዓመቱ ሞተች።

«ደግፎ የወሰዳት ይህ እጄ ነው፤» አሉ አያ፣ መዳፋቸውን እያዩ። «ሌላ ሴት በዚህ እጄ አልወስድም።»

«አያ፣ ሐኪሞቹ ጨክነው አልነበረም። ከመቶ ዓመት በፊት የነበሩ ታላላቅ ሐኪሞች በሽታው እንደ ሰርዶ ዙሪያውን ነው የሚሄድ፣ በሰፊው ከቆፈርነው ያልቃል ብለው አሰቡ።»

«ታዲያ ልክ ነዋ! ሰርዶ ሥሩ ከቀረ ይመለሳል።»

«ለሰርዶ ልክ ነው። ኋላ ግን ሌሎች ሐኪሞች ተጠራጠሩ። በሽታው ገና በጊዜ ከደም ጋር የሚጓዝ ከሆነ ደረት መቆፈር ምን ይረባል አሉ። በአሜሪካም በኢጣሊያም እሺ ያሉ ሴቶችን በዕጣ ለዩ።»

«በምን?»

«በዕጣ። የአንዳንዶቹ ጡት በሙሉ፣ የኢጣሊያዎቹም ከነደረት ሥጋው ወጣ፤ የሌሎቹ እብጠቷ ብቻ ከትንሽ ዙሪያዋ ጋር ወጥታ የቀረው በጨረር ታከመ።»

አያ ከጆንያው ሊወድቁ ደረሱ። «በሰው ነፍስ ዕጣ ይጣላል? ሐኪሙ የትኛው እንደሚሻል አያውቅም?»

«የሚያውቅ ይመስለው ነበር እንጂ አያውቅም። በሰማንያ ዘጠኙ የመሬት ድልድል ዕጣ ያወጡት እርስዎ አይደሉም? ለምን እንደ ዓይንዎ አላከፋፈሉም?»

«እንዴ! እንደ ዓይኔማ ብሰጥ ለሙን ለዘመዱ፣ ጭንጫውን ለጠላቱ ሰጠ ባሉኝ! ዕጣ እኮ የማንንም ፊት አያይም!»

«ሐኪምም ዘመድ አለው አያ። የለመደው ቢላ ነው ዘመዱ። ጠንካራዋን ሴት ለወደደው ሕክምና፣ ደካማዋን ለጠላው እንዳይሰጥ ነው ዕጣው።»

ጋሪው ገበያው ጥግ ሲደርስ አያ፣ «ታዲያ ከሁለቱ ማን በለጠ?» አሉ።

«ሃያ ዓመት ተከታተሏቸው። በዕድሜ አልተበላለጡም።»

«እንግዲያ የአቻምየለሽ ሥጋ በከንቱ ነው የሄደ?»

«ያኔ በእጃቸው የነበረው እሱ ነው። እርስዎም የቻሉትን አደረጉ። የገደላት ብረቱ አይመስለኝም፤ መዘግየቷ ነው። ምን ያህል ጊዜ ደበቀችው?»

«ዓመት ሙሉ። ለእኔ ለወንድሟ እንኳ አፍራ።»

«እትዬ ሀብትነሽ ግን ነገሩዎት።»

አያ ቀና አሉ። «ባለ ጋሪ! መልሰኝ ወደ መናኸሪያ!»

«በርበሬውስ?» አለ ባለ ጋሪው ደንግጦ።

«በርበሬው አልታመመም!»

በሳምንቱ ሀብትነሽን እፀገነት ወደምትሠራበት ሆስፒታል ይዘዋት መጡ። ከእብጠቷ የተወሰደው ናሙና ተመርምሮ ካንሰር መሆኑ ሲረጋገጥ ሐኪሙ ሁለቱንም መንገድ አስረዳት። እብጠቷ ብቻ ከወጣች ጨረር ያስፈልጋል፤ ጨረሩ ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ሳምንታት ይወስዳል። ጡቱ በሙሉ ቢወጣም እንደ ድሮው የደረቷ ጡንቻ አይነካም። አያ ሊመልሱ ሲሉ ሀብትነሽ ቀደመቻቸው።

«ዕድሜው እኩል ከሆነ ምርጫው የኔ ነው። ሙሉውን ይውሰዱት። ክንዴን ግን ይተዉልኝ፤ ይህን ሰውዬ የምመታበት።»

ይህ ከሆነ ስድስት ዓመት አለፈ። ሀብትነሽ ትወቅጣለች፣ ትፈትላለች፣ የልጅ ልጅ ታዝላለች። አያም በሰንበቴው ሁሉ፣ «ያ ደዌ ብረት አይወድም ስል የኖርሁት ተሳስቼ ነው። የማይወደው መታየትን ነው። ሴቶች ጡታችሁን ዳስሱ፤ ያገኛችሁትን አትደብቁ። ወንዶችም ሚስት የነገረቻችሁን በጊዜ ስሙ። በጊዜ የመጣች ጥቂት ተቆርጦላት ብዙ ትኖራለች» ይላሉ።

«ይኸው ደግሞ ሐኪም ሆነልኝ!» ትልና ሀብትነሽ በዚያ በታከመችበት በኩል ያለ ክንዷን ከፍ አድርጋ ትከሻቸውን መታ ታደርጋቸዋለች። እሳቸውም እንድትደግማቸው ጠጋ ይላሉ።