ቀላ ያለው ፋውንዴሽን

ለምረቃዬ ፋውንዴሽን ልገዛ እንጅባራ አንዲት ኮስሞቲክስ ሱቅ ገባሁላችሁ። ባለሱቋ ሁለት ዓይነት አገጬ ላይ ቀባችልኝና እጄን ይዛ ፀሐይ ላይ አውጥታ መስታወት ሰጠችኝ። «ይሄኛውን እይው፣ ቆዳሽ ላይ ጠፋ። ሲጠፋ ነው ልክሽ» አለች። እኔ ግን የማይታይ ነገር ምን ያደርግልኛል ብዬ ቀላ ያለውን ይዤ ወጣሁ።

በምረቃው ዕለት እሱን ተለቅልቄ፣ ጋዋኔን ለብሼ የትምህርት ቤቱ ግቢ በር ላይ ስጠብቅ፣ አባቴ ከጥሊሊ በሚኒባስ መጥቶ አበባውን እንደያዘ ከተፍ አለ። ፈገግ አልኩለት። ኮፍያውን አውልቆ ጎንበስ አለና፣ «ይቅርታ እሜቴ፣ የሺ የምትባል ተመራቂ ልጅ አለችኝ፤ አያውቋትም?» አለኝ። አባቴ እኔን አንቱ!

«አባ፣ እኔ ነኝ እኮ» ስለው ደንግጦ ትክ ብሎ አየኝ። ድሮ ከትምህርት ቤት ስመጣ እንኳ አገላብጦ የሚስመኝ ሰው፣ «ቀለሙ እንዳይለቅብሽ ልጄ» ብሎ እጄን ብቻ ጨበጠኝ። ፎቶ ተነሣን። መኪና እንዳያመልጠው ሲቸኩል፣ ቆይ ልታጠብና ሳመኝ ማለት አፈርኩ። ከሄደ በኋላ ግን አላስችል አለኝና ወደ ቧንቧው ሮጥኩ። ፊቴን በሳሙና ፈትጌ መናኸሪያ ስደርስ፣ የጥሊሊው ሚኒባስ ይዞት ሄዷል።