ወንበር የነቀለው ጎረቤት

ልጆቼ፣ ባለፈው ጺሜን ልላጭ ብሄድ፣ ፀጉር አስተካካዩ ወዳጄ መፍቻ ይዞ ተንበርክኮ የገዛ ሱቁን ወንበሮች ሲነቅል አገኘሁት።

«ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«ፀጉር አስተካካዩ ጎረቤቴ አንድ ወንበር ቢነቅል ደንበኛ ጎረፈለት፣ ጋሼ። መቀስ አያያዝ ያስተማርኩት እኮ እኔ ነኝ። እሱ አንድ ከነቀለ እኔ ሁለት ነቅዬ እሸጣለሁ።»

ከሁለቱ አንዱ የልጁ መሥሪያ ነው። ልጁ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ቢያጣ፣ በዚያች ወንበር ነው የሚተዳደረው። እሱም ፎጣውን እያጣጠፈ፣

«አባዬ፣ እንግሊዝኛ ላይ ሰው የሚያምታታቸው ሁለት ቃላት አሉ» አለ። «ጋምብል ቁማር ነው፤ ያለህን አስይዘህ ዕድልህን ትጠብቃለህ። ጋምቢት ግን ከቼዝ የመጣ ነው፤ የሚከፈትልህን መንገድ አስቀድመህ አይተህ ትንሽ ነገር ወደህ ትለቃለህ።»

«ጎረቤቴስ አልቆመረም? ቀንቶት ነው እንጂ።»

«እናቶች ልጅ ይዘው መጥተው መቀመጫ ሲያጡ ይመለሱ ነበር። ይህን አይቶ በወንበሩ ቦታ አግዳሚ አስገባ። ካልሆነለትም ወንበሩ ጓዳ ነው ያለው፣ መልሶ ይተክለዋል። አንተ ግን ልትሸጥ ነው።»

«ጠበቃ ሆንክለት በለኛ። እኔን እንዲህ አመስግነኸኝ ታውቃለህ?»

አያችሁ፣ የሚቀና ሰው ጎረቤቱ ያገኘውን ያያል፤ የለቀቀውን አያይም። ልጁ ሲያቀረቅር አንጀቴን በላኝና ጣልቃ ገባሁ።

«ያንተ ደንበኞች እነማን ናቸው?»

«እንደ እርስዎ ያሉ ሽማግሌዎች ናቸዋ።»

«ከእኛ መካከል ጉልበቱ ከድቶት ቤት የቀረ የለም?»

መፍቻውን መሬት አስቀመጠ። ብዙ እንዳሉ ያውቃል።

«ጠዋት ጠዋት ቤታቸው ሄደህ ላጫቸው» አለ ልጁ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ እስክትመለስ ከመንገድ በሚታየው፣ መስኮቱ ሥር ባለው ወንበርህ ልሥራ።»

ያን ወንበር ከአባቱ ሌላ ሰው ነክቶት አያውቅም። «ለካ ዓይንህን የጣልከው እሱ ላይ ነው» አለ አባት።

«ካልሆነልህ ልጅህን ተነሥልኝ ማለት ያቅትሃል?» አልኩት።

ወንበሩንም ልጁንም አየ። ከዚያ መፍቻውን አንሥቶ የነቀላቸውን ወንበሮች መልሶ አጠበቀ።

ዛሬ ጠዋት ጠዋት ቦርሳውን ይዞ ይወጣል። አልጋ ላይ የዋለ ሽማግሌ ይላጫል፣ ጨዋታም ያገኛል። የሽማግሌዎቹ ልጆችና የልጅ ልጆች ደግሞ ሱቁ ድረስ መጥተው ልጁ ዘንድ ይስተካከላሉ። ስትለቁ የምትለቁትንም የምትጠብቁትንም ለዩ፤ ቢከሽፍ የምትመለሱበትን በር አትዝጉ።

በቀደም መንገድ ላይ አገኘሁትና፣ «ቅናቱስ እንዴት ነው?» አልኩት።

«ጠዋት ጠዋት ትንሽ ይተወኛል» አለኝ።