ጾመኛዋ እንግዳ

ከኩልመስክ ወደ ላሊበላ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ ሁለት ሴቶች ተቀምጠዋል፤ አንዷ ወጣት፣ አንዷ ባልቴት።

«ከየት ነው የምትመጪው ልጄ?» አሉ ባልቴቷ።

«ተማሪዎች ጠይቄ ነው እማማ። ትንሽ ማኅበር አለችን፤ ከገጠር መጥተው ከተማ የሚማሩ ልጆችን እንረዳለን።»

«እሰይ! እንዴት ናቸው ታዲያ?»

«ደህና ናቸው፤ ትምህርቱንም ይዘውታል። ሴቶቹ ተሰባስበው አንድ ክፍል ተከራይተዋል። ሳልነግራቸው ነበር የሄድኩት። ገና ቁጭ ከማለቴ አንዷ እሳት አነደደች።»

«ታዲያስ! እንግዳ አይደለሽ?»

«ከቤት ለሳምንት የተላከላቸውን እንቁላል ሊጠብሱልኝ እኮ ነው። ጨነቀኝና ‹ጾመኛ ነኝ› አልኳቸው።»

«በበዓለ ሃምሳ?»

«በበዓለ ሃምሳ!»

«ውይ ልጄ! ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት?»

«ትንሿ ‹ምነው እትዬ፣ ትንሣኤው እርስዎ ጋ አልደረሰም?› አትለኝም!»

«ኪኪኪ! ከዚያስ?»

«በሳቅ ሞትን። ከዚያማ በየተራ ‹አፈር ስሆን› እያሉ አጎረሱኝ። አንድም እንቁላል አላስተረፍን።»

«ደግ አደረግሽ።»

«የሳምንት ስንቃቸውን እኮ ነው የበላሁት እማማ።»

«ይሁና! እነሱስ አንድ ቀን እንኳ አይስጡ?»

ልጅቷ ፈገግ አለች። ባልቴቷ በጨርቅ የቋጠሩትን ቆሎ ፈትተው ዘገኑላት፤ ወደ ኋላም ዞረው «እንካ፣ አንተም ቅመስ» አሉኝ።

ቁርሴን ጠግቤ የወጣሁት ሰውዬ ሁለት እጄን ዘረጋሁ።