ሰናይት መቼ ተወለደች?

አዳማ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በአጸደ ልብስ ስፌት ቤት፤ አጸደ ነገ ሽማግሌዎች ሲመጡ የምትለብሰውን ቀሚስ ጠርዝ ትሰፋለች፤ ታናሽ እህቷ ስንዱ ስልኳ ላይ አቀርቅራለች።

አጸደ፦ አንድ ቀን ብቻ ነው ያልኩሽ። ነገ ሽማግሌዎቹ ገብተው እስኪወጡ ድረስ «እትዬ» የምትለው ቃል ከአፍሽ እንዳትወጣ።

ስንዱ፦ ምን ልበልሽ ታዲያ?

አጸደ፦ አጸደ በይኛ! ስሜ አይደለም?

ስንዱ፦ ስትወልጂኝ ጀምሮ... ይኸው፣ አፌም ተሳሰረ! ስወለድ ጀምሮ ጠርቼሽ የማላውቀውን?

አጸደ፦ እኔ ደግሞ አንቺን «እትዬ ስንዱ» እላለሁ።

ስንዱ፦ በስመአብ!

አጸደ፦ ምን ያስደነግጥሻል? ለግማሽ ቀን ታላቅ ብትሆኚ ምን ይጎድልሻል?

ስንዱ፦ አምስት ዓመት ትበልጪኛለሽ እኮ! ቆይ፣ ለመሆኑ ስንት ነኝ ብለሽው ነው?

አጸደ፦ ሠላሳ አራት።

ስንዱ፦ ሠላሳ አራት? እኔ እንኳ ሠላሳ ሰባቴ ነው!

አጸደ፦ ለዚህ አይደል እንዴ ታላቅ ሁኚልኝ የምልሽ?

ስንዱ፦ አርባ ሁለት የሞላሽ ሴትዮ፣ ስምንቱን የት ጣልሻቸው?

አጸደ፦ ቀስ በይ፣ ጎረቤት ይሰማል! አስቤበት መሰለሽ? ሱሪ ሊያሳጥር መጣ። እግሩ ሥር ተንበርክኬ እየለካሁት «ዕድሜሽ ስንት ይሆን?» አለኝ። አፌ ስፒል ይዟል። ስፒሉን ሳወጣው ሠላሳ አራት አብሮ ወጣ።

ስንዱ፦ ይኸው ዓመት ሊሞላችሁ ነው። እስከዛሬ ስፒሉ አፍሽ ውስጥ ነበር?

አጸደ፦ አንዴ ካሉት በኋላማ በምን ተብሎ ይመለሳል?

ስንዱ፦ ቆይ ቆይ። ይህን ነገር የት እንደማውቀው አሁን ትዝ አለኝ። የሰናይት ወንድም!

አጸደ፦ የቷ ሰናይት?

ስንዱ፦ «የማዶ መብራት» ድራማ ላይ ያለችው! ናሆም ታናሽ ወንድሟ ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ እናቱ ስትወልደው ውኃ የምታቀብለው ሰናይት ናት። በሦስተኛው ምዕራፍ ተነሣና «አንቺ ስትወለጂ እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር» አላት። ታላቋ ሆኖ አረፈው!

አጸደ፦ እና ሰዉ ምን አለ?

ስንዱ፦ ምን ያላለ አለ? ቴሌግራም ላይ ያለን ተመልካቾች ስንፋጅ ከረምን። እሱ ብቻ መሰለሽ? ልደቷን አንዴ በፍልሰታ አከበሩላት።

አጸደ፦ ሰው በፍልሰታ አይወለድም?

ስንዱ፦ ይወለዳል! ግን ጠዋት ቅዳሴ አስቀድሳ የመጣች እናቷ ማታ ዶሮ ወጥ እያጎረሰቻት? በሌላኛው ምዕራፍ ደግሞ ጳጉሜ ስድስት ላይ «ዛሬ ልደቴን ማንም አላስታወሰልኝም» ብላ አልቅሳ እኛንም አስለቀሰችን። ዕንባችን ሳይደርቅ አባቷ ብቅ አለና «በዘመነ ማቴዎስ ነው የተወለድሽው» አይላትም?

አጸደ፦ ጳጉሜ ስድስት በዘመነ ማቴዎስ? ጳጉሜ ስድስት የምትሆነው በሉቃስ አይደለም እንዴ?

ስንዱ፦ አየሽ! ድራማውን የማታይው አንቺ እንኳ ወዲያው ያዝሽው።

አጸደ፦ ሥራ የፈታ ሰው ነው እንዲህ ያለውን የሚቆፍር። በሌለች ሴት ልደት ይህን ያህል!

ስንዱ፦ ሥራ የፈታው ማን መሰለሽ? የማቴዎስንና የሉቃስን ነገር ያወጣው ልዑልሰገድ ነው።

አጸደ፦ የቱ ልዑልሰገድ?

ስንዱ፦ የአንቺው። ነገ ሽማግሌ የሚልክብሽ።

አጸደ፦ ኧረ አንቺ ልጅ! መርፌው ወጋኝ።

ስንዱ፦ እሱ በገዛ ስሙ ነው የሚጽፈው። እኔ በቅጽል ስም ስለምገባ አያውቀኝም። ቡድኑ ውስጥ «መርማሪው» ነው የምንለው። አንድ ቀን የሰናይትን አያት መቃብር ሲያሳዩ ምስሉን አስቁሞ ድንጋዩ ላይ ያለውን ዓመተ ምሕረት አነበበ። ለካ ሰውዬው የገዛ ልጁ ሳትወለድ ብዙ ዓመት ቀድሞ ሞቷል!

አጸደ፦ ድራማ እንደሚወድ ነግሮኛል። እንዲህ መሆኑን ግን... እኔ የሚሠራበት መድኃኒት ቤት ሥራ የሚበዛበት ነበር የሚመስለኝ።

ስንዱ፦ እና ይህን ሰው ነው «እትዬ ስንዱ» ብለሽ የምትሸውጂው?

አጸደ፦ ምን ላድርግ ታዲያ? እውነቱን ከነገርኩት ይቀራል።

ስንዱ፦ በምን አወቅሽ?

አጸደ፦ አንድ ቀን «ቤቴ የልጅ ድምፅ ናፈቀው» አለኝ። በአርባ ሁለት ዓመቴ ምን ብዬ ልመልስለት? ስንዱ፣ እወደዋለሁ። ይኸው ስንት ዘመን ከሱቅ ቤት፣ ከቤት ሱቅ ነው ኑሮዬ። አሁን ያ በር በተከፈተ ቁጥር እሱ መስሎኝ ልቤ ድንግጥ ይላል። በዚህ ዕድሜዬ!

ስንዱ፦ በየትኛው?

አጸደ፦ አትቀልጂብኝ!

ስንዱ፦ እሺ እሺ። ጋሼ በላቸውንስ ምን ልታደርጊው ነው? በአባታችን ቦታ የሚቀመጠው እሱ ነው።

አጸደ፦ ነግሬው እሺ ብሎኛል።

ስንዱ፦ እሺ ማለትማ መች ይገደዋል? እንግዳ ባየ ቁጥር «በሰባ ሰባቱ ድርቅ አጸደ ዳዴ ትል ነበር» ሳይል የሚውል ሰው ነው? ሁለተኛውን ብርሌ ሲይዝ አለቀልሽ።

አጸደ፦ ጠጅ አላቀርብም።

ስንዱ፦ ለሽማግሌ?

አጸደ፦ ለስላሳ አቀርባለሁ።

ስንዱ፦ በሚሪንዳ ልትዳሪ ነው?

አጸደ፦ ሳቂ። አንቺ ምን አለብሽ! ባል አለሽ፣ ልጆች አሉሽ።

ስንዱ፦ እንደሱ አትበይ፣ እትዬ። እሺ፣ ሽማግሌዎቹ «እናት አባት ከሞቱ በኋላ ማን አሳደጋችሁ?» ቢሉስ? መጠየቃቸው አይቀርም።

አጸደ፦ አስቤበታለሁ። «እኔ አሳደግኳት» ትያለሽ።

ስንዱ፦ ማን? እኔ?

አጸደ፦ ታላቅ አንቺ ከሆንሽ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሻ።

ስንዱ፦ ከአሥረኛ ክፍል ወጥተሽ የሰው ኮሌታ እየገለበጥሽ አስተምረሽኝ፣ አንቺ ፊት ተቀምጬ «እኔ አሳደግኳት» ልበል?

አጸደ፦ እኔ ፈቅጄልሽ የለ?

ስንዱ፦ እኔ አልፈቀድኩም! ስምንት ዓመት ስትቀንሺ ከየት እንደቀነስሽ አስበሽዋል? እኔን ያሳደግሽበትን ነው የጣልሽው። ሰው ሁሉ ቢረሳው፣ እኔ በአፌ ልክደው?

አጸደ፦ ስንዱዬ፣ አታልቅሺ። ቀሚሱ ላይ ነው የምታለቅሺው፤ ሐር ነው።

ስንዱ፦ ሐር ይሁን!

አጸደ፦ ለመካድ አይደለም እኮ። እሱ ያንን ሁሉ አያውቅም፤ ባያውቀውም ምንም አይጎድልበትም።

ስንዱ፦ አያውቅም? ቆይ፣ ደርግ የወደቀ ጊዜ የሮጥሽውን አልነገርሽውም?

አጸደ፦ እሱንማ ስንት ጊዜ! ተኩሱ ሲሰማ እንዴት ወደ ቤተ ክርስቲያን እንደሮጥኩ፣ ማዘያው መንገድ ላይ እንዴት እንደተፈታብኝ... ይህን ስነግረው በሳቅ ነው የሚፈርሰው።

ስንዱ፦ ማዘያው ላይ ማን ነበር?

አጸደ፦ አንቺ ነሻ! ሁለት ዓመትሽ ነበር፤ ከብደሽ ልትገድዪኝ።

ስንዱ፦ ለእሱ ማን ብለሽ ነው የነገርሽው?

አጸደ፦ «ታናሽ እህቴን አዝዬ»...

ስንዱ፦ እትዬ፣ ሠላሳ አራት ዓመት የሆናት ሰው ደርግ ሲወድቅ ገና አልተወለደችም።

አጸደ፦ ኧ?

ስንዱ፦ ያልተወለደች ልጅ ሁለት ዓመት የሞላት ሕፃን አዝላ ሮጠች። የማዶ መብራት ጸሐፊ እንኳ ይህን አልሞከረውም!

አጸደ፦ ወይ ጉዴ! ግን... አላስተዋለውም። ቢያስተውልማ ይጠይቀኝ ነበር።

ስንዱ፦ የሞተ ሰው መቃብር አስቁሞ የሚያነብ ሰው?

አጸደ፦ ልቤን አታጥፊው፣ በናትሽ!

ስንዱ፦ ይኸውልሽ፣ ዛሬ ጠዋት የጻፈውን ስሚ። ቡድኑ ለጸሐፊው አቤቱታ ሊጽፍ ነበር፣ የሰናይት ዕድሜ አንድ ይሁን ብሎ። ሐሳቡን ያመጣው ራሱ ልዑልሰገድ ነው። ዛሬ ድንገት ተገለበጠ።

አጸደ፦ ምን ብሎ?

ስንዱ፦ «የእኔን ስም አውጡልኝ። ሰናይት ዕድሜዋን ብታሳንስ ምን ክፋት አለው? ልጅነቷን ለታናሿ ሰጥታ ጨርሳዋለች። ጥቂቱን መልሳ ብትወስድ እኔ ቆጣሪ አልሆንባትም።»

አጸደ፦ ደግ ብሏል። የታደለች ናት ሰናይት። ወንድሟን እሷ ናት ያሳደገችው?

ስንዱ፦ ናሆምን? እናትም አባትም አለው። ሰናይት ለናሆም ሻይ እንኳ ቀድታለት አታውቅም! ቡድኑ እኮ «መርማሪው ምን ነካው፣ የቱን ድራማ ነው የሚያየው?» እያለ ሲስቅበት ዋለ። እኔም አብሬ ስቄበታለሁ።

አጸደ፦ እስቲ... እስቲ ድገሚልኝ።

ስንዱ፦ «ልጅነቷን ለታናሿ ሰጥታ ጨርሳዋለች። ጥቂቱን መልሳ ብትወስድ እኔ ቆጣሪ አልሆንባትም።»

አጸደ፦ አውቋል።

ስንዱ፦ አውቋል፣ እትዬ።

አጸደ፦ አውቆ ነው ሽማግሌ የሚልከው?

ስንዱ፦ አውቆ ነው።

አጸደ፦ አምጪው ያንን ስልክ።

ስንዱ፦ ምን ልትይው ነው?

አጸደ፦ ነገ ከጋሼ በላቸው አፍ ከሚሰማ ዛሬ ከእኔ ይስማ። የልጅ ነገር እንቅፋት ከሆነበትም ሽማግሌዎቹን ሳያደክም ዛሬውኑ ይንገረኝ። አርባ ዓመቴ ነው እለዋለሁ።

ስንዱ፦ አርባ ሁለት!

አጸደ፦ ሁለቱን ራሱ መርምሮ ያግኛቸው፤ ሰውዬውን ገና ቤቱ ሳልገባ ሥራ አላስፈታውም።