ለመንገደኛ የተቀመጠ ውሃ

አዛውንቱ ልብስ ሰፊ ከቧንቧ ውሃ ቀድተው ሲመለሱ ባልዲውን በክንዳቸው አንጠልጥለውት ነበር፤ ጣቶቻቸው አልታጠፍ ብለዋቸዋል። ከሥራ የምትመለሰው የእህታቸው ልጅ፣ ነርሷ፣ መንገድ ላይ አገኘቻቸውና ባልዲውን ተቀበለቻቸው።

«ጋሼ፣ እጅዎ ምን ሆነ?»

«ብርድ ነው ልጄ። ሰሞኑን ትኩሳት ጥሎኝ ነበር፤ ተመርምሬ ወባ የለብህም ተባልኩ። ትኩሳቱ ለቀቀኝ፣ ብርዱ ግን መገጣጠሚያዬ ላይ ቀረ።»

«ጎረቤትዎ ዳቦ ጋጋሪዋስ ሊጥ ማቡካት አቅቷት ተኝታ የለም? ብርድ እንዲህ ቤት ለቤት ይዞራል?»

ሱቃቸው ደጃፍ ሲደርሱ ነርሷ ባልዲውን ለመገልበጥ በሩ አጠገብ ወደተቀመጠው የውሃ ጋን ጠጋ አለች። ጋኑን ለመንገደኛ ብለው ያስቀመጡት ሟች ባለቤታቸው ናቸው፤ ካረፉም ወዲህ አዛውንቱ አጉድለውት አያውቁም። ነርሷ ከጋኑ በብርጭቆ ቀድታ ወደ ብርሃን አነሣችው። ቁርጥራጭ ክር የሚመስሉ ነገሮች እየተጥመለመሉ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ።

«የቢንቢ እጮች ናቸው።»

«ቢንቢ የሚፈላው ከረግረግ ነው። ይህ ኩልል ያለ ውሃ ነው።»

«ይህችኛዋ የወባዋ አይደለችም። ንጹሕና የረጋ ውሃ ትወዳለች፤ የምትናከሰውም በቀን ነው። በሽታው ቺኩንጉንያ ይባላል። የታመመውን ነክሳ ወደ ጤነኛው ታስተላልፈዋለች። ትኩሳቱ ቶሎ ቢለቅም የመገጣጠሚያው ሕመም ለወራት ሊቆይ ይችላል።»

«የጠጣ ሁሉ ታመመ ልትዪኝ ነው?»

«በመጠጣት አይደለም ጋሼ። ከዚህ ፈልተው የሚወጡት ናቸው ሰፈሩን የሚነክሱት።»

አዛውንቱ በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። ሰው በክፉ ሥራው ሲወቀስ ይከራከራል፤ በበጎ ሥራው ሲወቀስ ግን የሚይዘው የሚጨብጠው ይጠፋዋል።

«ታዲያ የእሷን መታሰቢያ ልድፋው?» አሉ ቀስ ብለው።

«ውሃው ይደፋ፣ ጋኑ ይቀመጥ። እንቁላሏ ከጋኑ ጎን ይጣበቃልና በየሳምንቱ ውስጡን ፈትገን እንጠበው፤ አፉንም በጨርቅ ጥብቅ አድርገን እንሸፍነው። እትዬ የተመኙት የመንገደኛው ጥም እንዲቆረጥ ነው እንጂ ትኩሳት ይዞ እንዲሄድ አይደለም።»

ይህኛው ቃል ሆዳቸው ገባ። «በይ አጋድሚው» አሉና ተነሡ።

መሸፈኛውን እሳቸው ለክተው፣ እሷ ሰፋችው።

«ስፌትሽ ዶሮ የጫረው ይመስላል» አሏት።

«እርስዎም መርፌ ይውጉ ቢባሉ ከኔ አይሻሉም።»

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወሰደቻቸው። ሐኪሙ በሽታውን ነቅሎ የሚያጠፋ መድኃኒት እንደሌለ ነግሮ፣ ማስታገሻ ሰጥቶ፣ ብዙ ፈሳሽ እንዲጠጡና እንዲያርፉ መከራቸው። ጎረቤቶችም ነገሩን ሰምተው በየጓሮው ውሃ ያቆረውን ጣሳና የተሰበረ ማሰሮ ደፉ፤ በርሜሎቻቸውን ከደኑ። ከዚያ ወዲህ በመንደሩ አዲስ የሚታመም ሰው እየቀነሰ ሄደ። ዳቦ ጋጋሪዋም ውላ አድራ ወደ ሊጧ ተመለሰች። በጎነት ዕውቀት ሲታከልበት የሚጎድለው ነገር የለም፤ ከጉዳት ይጠራል እንጂ።

የአዛውንቱ ጣቶች መላወስ ከጀመሩ በኋላ አንድ ተሸካሚ ሊጠጣ ቆሞ መሸፈኛውን አየና ሳቀ።

«ጋሼ፣ ውሃውንም ልብስ አለበሱት?»

«አዎን» አሉ አዛውንቱ፣ «ጠጥተህ ስትጨርስ ራቁቱን ጥለኸው እንዳትሄድ።»