በማዕረግ የተቀመጡ መሣሪያዎች

በ1980 ዓ.ም. ጉለሌ ውስጥ በአንድ የመለዋወጫ ወርክሾፕ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበርሁ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ከግምጃ ቤቱ እምብዛም አልወጣም፤ የዚያን ቀን ግን የቀረችንን አንዲት ወፍራም ብረት ላስረክብ ብረት እየተሽከረከረ ወደሚላግበት የቶርኖ ክፍል ብሄድ ክርክር ላይ ደረስሁ። ብረቷ የቀጨኔ ሰፈር ወፍጮ ዘንግ ልትሆን ነው፤ ከተበላሸች ሌላ የለም፤ ሰፈሩም ያለ ዱቄት ይሰነብታል።

የሚከራከሩት ሠላሳ ዓመት ቶርኖ ላይ የቆሙት ጋሽ ዋቅቶላና ውጭ አገር ተምራ የመጣችው ሠርካዲስ ነበሩ። አዲሱ ቶርኖ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ነው። ስምንት መሣሪያ የተሸከመ ተሽከርካሪ ራስ አለው፤ ኮምፒውተሩ ቁጥር ሲጠራ በዚያ ቁጥር ያለው መሣሪያ ይቀርባል።

«ጋሽ ዋቅቶላ፣ ቁጥር አንድ ላይ የነበረችውን መላጊያ ስለት ማን አነሣት?»

«እኔ ነኝ። ትልቁ መሰርሰሪያ እያለ ያቺ ሚጢጢ ከፊት ትቀመጥ? በሠርግ ቤት እንኳ ከላይ የሚቀመጠው ሽማግሌ ነው! ሁሉንም በየማዕረጉ አስቀምጫቸዋለሁ።»

«ማሽኑ እኮ ማዕረግ አያውቅም።»

«እንግዲያው ያላደገ ነው! እኔ ዐይኔን ጨፍኜ መሰርሰሪያን ከስለት እለያለሁ። ይሄን ያህል ብር የወጣበት ማሽን ያቅተዋል?» ወደ እኔ ዞሩ። «እስቲ እርስዎ ይፍረዱ፣ ወይዘሮ ይርጋለም። ዩኒቨርሲቲ ጨርሰዋል።»

«ብረቷን ፈርሜ ነው ያወጣኋት» አልሁ። «መጀመሪያ በእንጨት ይሞከር።»

ሠርካዲስ የባሕር ዛፍ ቁራጭ አሰረችና ማሽኑን አስነሣች። ኮምፒውተሩ ቁጥር አንድን ጠራ። በማዕረግ ከፊት የተሾመው መሰርሰሪያ የስለቷን ሥራ ሊሠራ በጎን ገብቶ እንጨቱን ብትንትኑን አወጣው፤ አንዱ ፍንጣሪ የጋሽ ዋቅቶላን ቆብ ይዞ በረረ።

ጋሽ ዋቅቶላ ቆባቸውን አንሥተው አራገፉ። «ሽማግሌው የልጅ ሥራ ታዘዘ ማለት ነው» አሉ።

«ማሽኑ መሰርሰሪያው ስለቷ መስሎት ነው ጋሼ። አያይም፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ የተመዘገበውን ብቻ ነው የሚያምነው።»

«ታዲያ ቦታ መለወጥ ክልክል ነው?»

«አይደለም። ግን አዲሱ ቁጥር ይመዝገብ፣ የመሣሪያው ቁመትም እንደገና ይለካ። ስለቷ ከተመዘገበው ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ ብትረዝም ዘንጉ ይቀጥናል።»

«ምነው ልጄ፣ ቀድመሽ ብትነግሪኝ!»

«ሦስት ጊዜ ነግሬዎታለሁ።»

«በቆቤ በኩል አልነገርሽኝማ!»

መሣሪያዎቹን ወደየቁጥራቸው መለሱ። እርሳቸው እየለኩ ሲጠሩ እርሷ በኮምፒውተሩም በመዝገብ ደብተርም ጻፈች። ዘንጉ በማግሥቱ ያለ እንከን ወጣ፤ ቀጨኔም አስፈጨ። ከዚያ ወዲህ የሚሰበር መሣሪያ አነሰ፤ ተረኛ ሲለወጥም መጪው የትኛው መሣሪያ የት እንዳለ ለመጠየቅ ሂያጁን ፍለጋ እስከ ዊንጌት ሰፈር መሮጥ ቀረለት። ባለሙያ የሚያውቀውን ከጻፈ፣ ዕውቀቱ እርሱ በሌለበትም ይሠራል። ይህን እኔ ከማሽኑ በፊት፣ ባለቤቴ ጽፎ ከተወልኝ ማስታወሻ ተምሬዋለሁ።

ጋሽ ዋቅቶላ ግን መለካቱንና መመዝገቡን ከልክ በላይ ወደዱት። በሳምንቱ ሥራ አስኪያጁ ለጉብኝት መጥተው በጋሽ ዋቅቶላ በርጩማ ላይ ቢቀመጡ፣ ጋሽ ዋቅቶላ መዝገቡን ይዘው ቀረቡ።

«ይቀመጡ፣ ጓድ ሥራ አስኪያጅ። ግን ቦታ ለውጠዋልና እዚህች ጋ ይፈርሙ። ቁመትዎንም ልለካ ነው።»