ዘጠኝ ቁጥር ክር ስሟ የጠፋ ዕለት

በእኛ ጊዜማ የጊታር ክር ቁጥር እንዳለው ማን ያውቅ ነበር? ቁጥር የጫማ ነው እንል ነበር። እኔና ማሩ ክራር ስንጀምር የሳይክል ፍሬን ሽቦ ለምነን፣ ዘለላ በዘለላ ፈትተን፣ ያቺን ቀጭኗን መርጠን ወጥረን ነበር የምንጫወተው። በኋላ ጊታር ስንይዝም እንደዚያው ነው፤ ክር ሲበጠስ እንቋጥራለን፣ ሲዝግ ደግሞ ውኃ ጥደን እንቀቅለዋለን። አዎ፣ እንደ ድንች! ምን ያስቃችኋል? ቀቅለነው ደርቆ ሲገባ ድምፁ ሸጋ ይሆን ነበር እኮ። እና ዛሬ እናንተ እዚህ ክር የምሸጥበት ሱቄ ቁጭ ብላችሁ ዘጠኝ ነው አስር ነው፣ ቀጭን ነው ወፍራም ነው ስትሉ እሰማለሁ። ቁጥሩ ሲያንስ ክሩ እንደሚቀጥን እንኳ እኔ ያወቅሁት ጢሜ ሽበት ከጀመረው በኋላ ነው።

አንተ ቢኒያም፣ ይቺን አዲሷን ጊታርህን እንዲህ በጃኬት ሸፍነህ ከጀርባህ ያስቀመጥካት ምነው? ማን ይበላብሃል? ሄኖክ «ስንት ቁጥር ክር አስገባህባት?» ቢልህ «እንደነገሩ ነው» አልከው። እንደነገሩ የሚባል ቁጥር አለ? እሱም እሱ ነው፣ «እኔ አስር ነው የማስገባ፣ ዘጠኝ ይበጠሳል» ይልሃል፤ ማን ነገረህ ብትለው «ሁሉም ይላል»። ሁሉም ከየት ሰማ? ከአንድ ሠርግ ነዋ! እኔ እዚያው ነበርኩ፤ ነበርኩ ብቻ ሳይሆን በዚያች ክር ምክንያት ከባንድ ልባረር የነበረው እኔው ራሴ ነኝ። ቁጭ በሉ ልንገራችሁ።

ካቻምና ነው፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ሠርግ በሠርግ ላይ የሆነበት ጊዜ። ብርቄን ታውቋታላችሁ፣ ዘፋኟም እሷ፣ የባንዱ አለቃም እሷ፤ ማሩ ሊድ ጊታር፣ ማለት ዜማውን የሚያወጣ፣ እኔ ከኋላ ምቱን የምይዝ፣ ሌላ አንድ ድራም የሚመታ ልጅ። በቃ ይኼው ነን። ታዲያ የማሩ ሚስት ወንድም ከዱባይ ሲመጣ ጊታር አመጣለት፤ ቀይ፣ እንደ ድልህ ቀይ፣ ፊትህ የሚታይባት። እና ማሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ሆነ።

«ማሩ፣ እስቲ ልያት» አልኩት።

«በዓይንህ እይ» አለኝ።

«ታዲያ በምኔ ላያት ነበር?»

«እጅህን ኪስህ አስገባና እያት።»

እሺ ብዬ እጄን ኪሴ አስገባሁ። እንደ ፎቶ አሳየኝና ከደናት። «ስንት ቁጥር ክር ነው ያለባት?» አልኩት፣ አመል ሆኖብኝ። «ምን ያደርግልሃል?» አለኝ። ምን ያደርግልኛል! አብረን ፍሬን ሽቦ የለመንን ሰዎች እኮ ነን!

እና ምን ሆነ፣ ያቺ ቀይ ጊታር ክር መበጠስ አመጣች። አዘዞ ሠርግ ላይ፣ ጧ! ቀጭኗ ክር ሄደች። ሌላ ሠርግ ላይም፣ ጧ! እሷው ቀጭኗ። በድሮ ጊታሩም ይበጠስበት ነበር፤ ግን በዚያ ጊዜ የማን ክር ነው የማይበጠስ? አሁን ግን ጊታሯ አዲስ፣ ክሯ አዲስ፣ ስለዚህ ማሩ ምን አለ? «ሰው ነክቷታል» አለ። ነካት የተባለው ደግሞ ማን ይመስላችኋል? አሮጌ ጊታር ያለው ነዋ! ፊት ለፊት አይናገርም፤ እንዲህ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ለብርቄ «አንዳንድ ሰው ሲያይ ልቡ አይችልም» ይላታል፣ እኔ እዚያው ቆሜ። ለጊታሯ ቦርሳ ቁልፍ አበጀለት። ቆልፎም አላመነ፣ ዚፑ ላይ የራሱን ፀጉር ነጭቶ አጣበቀበት፣ የነካ ሰው እንዲታወቅ። ኧረ እውነቴን ነው! ፀጉሩም የቀረችው እኮ ጥቂት ነበረች።

እኔም ታዲያ መጠርጠር ጀመርኩ። እኔ አልነካኋት፣ ማን ነካት? የድራሙን ልጅ አያለሁ። ብርቄን አያለሁ። አንዳንዴ ማሩ ራሱ እኔን ሊያስወጣ ብሎ የሚበጥሳት ይመስለኛል። እንዲህ እየተያየን በአንድ ማኪና መሄድ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ! ሰው አፉን ሲከፍት ሌላው ጆሮውን ይቀስራል።

በኋላ የኮሶዬ ሠርግ መጣ። ኮሶዬ ብርዱን ታውቃላችሁ፣ ፀሐይ ወጥታም ትበርዳለች። ከሚኒባስ እንደወረድን መንገድ ዳር አንዲት ሴት በሶ ጨብጣ ትሸጣለች፤ እኔ አንድ ጭብጦ ገዛሁ፣ ድራም መቺው ገዛ፣ ብርቄም ቆረሰች፣ የሚኒባሱ ረዳትም በላ። ማሩ ግን ደረቁን በሶ፣ ዱቄቱን ገዛ። «አልጨብጥልህም?» አለችው። «የለም፣ እንዲሁ ነው የምፈልገው» አላት። እኔ የሆዱ ጉዳይ መሰለኝ። ለካ ሰውዬው ዱቄቱን ይዞ ከማኪናው ኋላ ዞሮ የጊታሩ ቦርሳ ላይ ነስንሶበታል! የጣት አሻራ ሊይዝ! ረዳቱ ደግሞ ይኼን አያውቅ፣ ዕቃ ሲያወርድ በሁለት እጁ እቅፍ አድርጎ ድንኳኑ ውስጥ አስቀመጣት። ዕቃ በምን ይወርዳል ታዲያ፣ በእግር?

ማሩ ገባና ቦርሳውን አየ። አምስት ጣት እዚህ፣ አምስት ጣት እዚያ። ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣ።

«እጅህን አሳየኝ።»

«ምነው ደህና?»

«እጅህን አሳየኝ ብዬሃለሁ!»

ዘረጋሁለት። በጥፍሬ ሥር በሶ አለ።

«ብርቄ! ነይ እይ! ያዝኩት!» ብሎ ጮኸ፣ የሠርጉ ሰው ሁሉ እስኪዞር።

«አንተ ሰው፣ ኮሶዬ ላይ በሶ ያልነካ ማን አለ? ብርቄ ራሷ ከንፈሯ ላይ አለ!» አልኩት። ብርቄ ከንፈሯን ጠረገች። ግን አልሳቀችም። ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት።

«ወይ እሱ ወይ እኔ» አለ ማሩ።

ብርቄ ሁለታችንንም አየችንና «ጥጋቡ፣ ሰምተሃል» አለችኝ። «እኔ ማን እንደነካት አላውቅም። ሊድ ጊታር ከሌለኝ ግን ሠርግ የለኝም። ዛሬ ክሯ ከተበጠሰች አንተ ነገ አትመጣም።»

አያችሁ ፍርድ? የማሩ ክር ከተበጠሰች የምባረረው እኔ! እንግዲህ የገዛ ከሳሼን ክር ስጠብቅ ልውል ነው። በዚያ ጊዜ ከሠርግ ሌላ ሥራ የለኝም፣ ይቺ ሱቅም ገና አልነበረች። ዓይኔን ከዚያች ቀጭን ክር ላይ ሳላነሳ ቆምኩ፤ ሙሽራዋ ስትገባ እንኳ አላየኋትም፣ ዛሬ መንገድ ላይ ባገኛት አላውቃት።

ብርቄ በትዝታ ጀመረች። ማሩ ያችን ቀይዋን ሲነካት፣ እውነት ለመናገር፣ እንደ ክራር ነበር የሚያስለቅሳት። ዘፈኑ አለቀ። ከዘፈን ወደ ዘፈን ሲታለፍ ማሩ አመል አለው፣ ጀርባውን ለሁላችንም ያዞርና አጎንብሶ የሆነ ነገር ያደርጋል። ኩራት ነው እንል ነበር። ያን ቀን ግን የእንጀራዬ ጉዳይ ነዋ! ጊታሬን እንዳነገትኩ በትልቁ እስፒከር ኋላ ዞሬ ከፊቱ ብቅ አልኩ።

ምን ባይ ጥሩ ነው? መቃኛዎቹን ይዞ ይጠመዝዛል! ይቺን ያላላል፣ ያቺን ይወጥራል፣ ቀጭኗን ደግሞ ወደ ላይ ያስጨንቃታል፣ እሷም «እጥጥጥ» ትላለች። ጉድ በል! ገባችሁ? ክራር ላይ ከትዝታ ወደ አንቺሆዬ ስትሄድ ክሮቹን እንደገና መቃኘት አለብህ፣ ግድ ነው። ጊታር ግን አንዴ ከተቃኘ ተቃኘ፤ ቅኝት የምትቀይረው በጣትህ ነው እንጂ መቃኛ በመጠምዘዝ አይደለም። ማሩ ያን ሁሉ ዘመን ጊታር አልተጫወተም፣ ባለ ቀለም ክራር ነው ሲጫወት የኖረው! እና በየዘፈኑ ስትወጠርና ስትላላ የምትውል ክር ብረት ብትሆንስ ምን ታድርግ?

ጠጋ አልኩና በጆሮው «ማሩ፣ ልቀቃት። ክራር አይደለችም» አልኩት።

ፊቱ አመድ መሰለ። «አየኸኝ?»

«አየሁህ።»

«ቅኝቴን ልትሰርቀኝ ነው የመጣኸው!»

«ምን አባክን ቅኝት ልስረቅህ! ክሯን ልቀቃት ነው የምልህ፣ ልትበጠስ ነው!»

በዚህ መሐል ብርቄ በማይክ «አንቺሆዬ!» አለች፣ ድራሙ ተነሳ፣ እልልታው ቀለጠ። የማሩ እጅ መቃኛው ላይ ነው። አንዴ ትንሽ ቢጠመዝዛት ክሯ ትሄዳለች፣ እኔም አብሬያት እሄዳለሁ፤ ይኼን እሱም ያውቃል። ካልጠመዘዘ ደግሞ ሰው ፊት ቆሞ የሚጫወተው የለውም። አየኝ፣ ክሯን አየ፣ እንደገና አየኝ። እና እጁን አነሳ። «አልችልም እኮ» አለኝ፣ ድምፁ እንደ ሕፃን።

«ጣትህን ብቻ አሯሩጥ፣ ድምፁን ለእኔ ተወው» አልኩትና የእሱን ጊታር ድምፅ ከማጉያው ላይ ዜሮ አድርጌ የእኔን ከፍ አደረግሁ። ትከሻ ለትከሻ ገጥመን ወደ ሕዝቡ ዞርን። እኔ በዚያች በአሮጌዋ እጫወታለሁ፣ እሱ ቀይዋ ላይ ጣቱን ያሯሩጣል፣ ሕዝቡ እስክስታ ይመታል። የሙሽራዋ አባት መጥቶ የማሩ ግንባር ላይ ብር ለጠፈለት። «ይቺ ቀይዋ ምን ትላለች! ሸጋ ነች!» አለና ወደ እኔ ዞሮ «አንተ ግን ምነው ይቺን አሮጌ ይዘህ ትዞራለህ? ድምፅ እንኳ የላት» አለኝ። ምን ልበለው? «እውነትዎን ነው» አልኩት።

እንዲህ እያልን ሠርጉ አለቀ። ክሯ አልተበጠሰችም። እኔ ደስ ብሎኝ «ይኸው፣ ነጻ ወጣሁ» ብላት ብርቄ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?

«አየህ ጥጋቡ፣ ዛሬ ስትፈራ ተውካት። ስለዚህ ሌላ ጊዜም አንተ ነበርክ።»

ኧረ በሕግ! ብትበጠስ እኔ ነኝ፣ ባትበጠስም እኔ ነኝ! ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ማሩን አየሁትና ዘጋሁት። የሠርግ ሰው ሁሉ አጅቦት ቆሟል፣ ብሩም ግንባሩ ላይ ነው። እንዲያ ሆኖ ቆሞ «ጊታር አይችልም» ይባላል? ጊታሬን ጠቅልዬ ወደ ማኪናው ሄድኩ። አሁን ለሚስቴ ምን እላለሁ እያልኩ ነው የምሄደው።

«ብርቄ» ሲል ሰማሁ ከኋላዬ። ማሩ ነው። «ብርቄ፣ ተይው። ሰው አልነካትም።»

«ታዲያ ማን ነው የሚበጥሳት?»

«የክሯ ቁጥር ነው» አላት። «ዘጠኝ ነው። ዘጠኝ ቀጭን ነው፣ ይበጠሳል። በአስር እቀይራታለሁ።»

በዚያች ቀን ዘጠኝ ቁጥር ስሟ ጠፋ። ድራም መቺው ለጓደኛው ነገረ፣ ጓደኛው አዘዞ ወሰደው፣ ይኸው ዛሬ ሄኖክ «ሁሉም ይላል» ይላል። እውነቱን ካያችሁት ግን ያቺ ክር ወንጀል የለባትም፣ እኔ ከምባረር ብላ እሷ ተባረረች።

ስንመለስ ማኪና ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ። «ሁልጊዜ ትስቁብኛላችሁ ብዬ ነው ጀርባዬን የማዞረው» አለኝ ቀስ ብሎ። «እናንተ ጣታችሁን ስታሯሩጡ እንዴት እንደሆነ መጠየቅ አፈርኩ።» እኔም «እኛ ደግሞ ኮርተህ መሰለን» አልኩት። ሁለታችንም ሳቅን። አሁን ማሩ ክራሩን ይዞ ነው መድረክ የሚወጣው፣ ፊቱን ወደ ሰው አዙሮ፣ ብርም ከእኔ የበለጠ ይለጠፍለታል። ይኼን ነገር ሄዳችሁ ብትጠይቁት ራሱ እየሳቀ ይነግራችኋል፤ አትጠይቁማ! እናንተ መጠርጠር ነው የምታውቁ። እና ቢኒያም፣ ያን ጃኬት አንሳና ጊታርህን ለጓደኛህ አሳየው። ዘጠኝም ብታስገባ አትፍራ፣ ዘጠኝ ሸጋ ክር ነው፣ እኔ ምስክር ነኝ።

«አያ ጥጋቡ» አለ ቢኒያም፣ ጊታሩን ሳይገልጥ፣ ከኋላዬ ያለውን መደርደሪያ እያየ። «እዚያ ላይ የተደረደረው፣ ማንም የማይገዛህ ክር፣ ዘጠኝ ቁጥር ነው አይደል?»